ምግብ የማይወርድለት ጨጓራና መድኃኒቶቹ

ጨጓራውን ያመመው ሰው ሁሉ አሲድ የበዛበት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በአዲስ አበባም ሆነ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የማውቃቸው ብዙ ወገኖች ሆዳቸው በከበዳቸው ቁጥር ኦሜፕራዞል ስለሚውጡ፣ አንዱ እንክብል አልሠራ ሲል ሁለት ስለሚያደርጉት፣ ሁለቱም አልሠራ ሲል ደግሞ «እንግዲህ የእኔ ጨጓራ አይድንም» ብለው ስለሚቀመጡ ነው። ኦሜፕራዞል ጥሩ መድኃኒት ነው። ለቁስለትና ለቃር ይሠራል፤ በአገራችን በብዛት የሚገኘውን ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ለማጥፋትም ከአንቲባዮቲኮች ጋር አብሮ ይታዘዛል። ነገር ግን የበላው ምግብ ከጨጓራው ወደ አንጀቱ አልወርድ ላለው ሰው፣ አሲዱ ስለቀነሰ ብቻ ምግቡ አይወርድለትም። ለዚህኛው ችግር ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ። ያም መድኃኒት እንደ ከረሜላ ከሰው እጅ ተቀብለው የሚወስዱት አይደለም።

ሐኪም አይደለሁም። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለብኝ ሴት ነኝ። ኢንሱሊን መወጋት የጀመርኩት ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሆቴል በሌሊት ፈረቃ ሒሳብ እሠራለሁ። ከስኳሩ ጋር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ሰውነቴ ሲለወጥ ቶሎ ይታወቀኛል። ይህኛው ሲጀምረኝ ቃር እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። አያቃጥልም፣ አይወጋም። አንድ እንጀራ ግማሹ ሳይደርስ ጥግብ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የበላሁት ከእምብርቴ በላይ ተቀምጦ አልነቃነቅ ይላል። ማታ በአንድ ሰዓት የበላሁት ምስር ወጥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጣዕሙ በግሳት ይመጣብኛል። አንዳንድ ቀን ጠዋት ሲያስመልሰኝ የማታው ድንች ቁራጩ እንኳ ሳይለወጥ ይወጣል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የስኳሬ ነገር ነበር። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሒሳቡን ያውቀዋል። መርፌው የሚለካው ምግቡ ተፈጭቶ ስኳሩ ወደ ደም በሚገባበት ሰዓት ኢንሱሊኑም ሥራውን እንዲጀምር ተደርጎ ነው። ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ከቆየ ኢንሱሊኑ ቀድሞ ይደርስና በባዶው ይሠራል። በልቼ፣ ጠግቤ፣ ጥቂት ቆይቶ መለኪያው 55 ያሳየኛል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ጭማቂ ጠጥቼ እረጋጋለሁ። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ የዕለቱን ሒሳብ ልዘጋ ስሰናዳ፣ ምግቡ በስንት ጊዜው ይወርድና ስኳሬ ከ300 በላይ ወጥቶ አገኘዋለሁ። በልቶ ወዲያው መውደቅ፣ ከሰዓታት በኋላ መናር። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ደጋግሞ ካየ፣ ሆዱን ባያመውም እንኳ ለሐኪሙ ይንገር። የጨጓራውን መዘግየት ከሆዱ ቀድሞ የሚናገረው አንዳንድ ጊዜ የስኳር መለኪያው ነው።

የጨጓራ የላይኛው ክፍል ምግብ ሲመጣ ላላ ብሎ ይቀበላል። የታችኛው ክፍል ጡንቻ ደግሞ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል እየተኮማተረ፣ ጠጣሩን ምግብ ሁለት ሚሊ ሜትር እስከማይሞላ ድረስ ያደቅቀዋል፤ ከዚያም ከሥሩ ባለው ጠባብ በር በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ያሳልፈዋል። ይህን የሚመሩት ከአንጎል የሚወርደው ቫገስ የተባለው ነርቭና በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ሆነው ምቱን የሚሰጡ ሕዋሳት ናቸው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር ሁለቱንም ይጎዳቸዋል። በዚያ ላይ፣ ነርቩ ደህና እንኳ ቢሆን፣ በዚያች ሰዓት ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ካለ ጨጓራው ይዘገያል። እንግዲህ ስኳሩ ጨጓራውን ያዘገየዋል፤ የዘገየው ጨጓራ ደግሞ ተመልሶ ስኳሩን ያምሰዋል። ሐኪሞች ይህን ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል።

ስኳር የሌለባቸውም ሰዎች ይህ ያገኛቸዋል፤ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ከቫይረስ ሕመም በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ሳይታወቅ። ከምግብ በኋላ እየከበዳቸው፣ ቶሎ እየጠገቡ ለወራት ሲሠቃዩ ኖረው፣ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ከውስጥ ማየት) ተሠርቶላቸው «ምንም የለብህም» ተብለው ከሚመለሱት መካከል ከሦስት አንዱ ገደማ ጨጓራው የሚዘገይ ሰው ነው። «ምንም የለብህም» የሚለው አነጋገር በጣም ያናድደኛል። ኢንዶስኮፒ ቁስል፣ ዕጢና መዘጋት ለመፈለግ የተሠራ ነው፤ ጨጓራው በምን ፍጥነት እንደሚያወርድ አይለካም። ቁስል አልተገኘም ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም። ይህን ሰው ኦሜፕራዞል አስይዞ ወደ ቤቱ መስደድ ጥያቄውን ሳይመልሱ ማሰናበት ነው።

እኔን የመረመሩኝ በእንቁላል ነው። አስቀድሞ ኢንዶስኮፒ ተሠራልኝና፣ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳልቀምስ አድሬ ሳለ ጨጓራዬ ውስጥ ትርፍራፊ ምግብ ተገኘ፤ መውጫውን የዘጋ ነገር ግን አልነበረም። ከዚያ ወደ ኑክሌር ሕክምና ክፍል ተላክሁ። አነስተኛ ጨረር ያለው ቴክኒሺየም የተቀላቀለበት የእንቁላል ነጭ፣ ሁለት ቁራጭ የተጠበሰ ዳቦ፣ ማርማላታና ውኃ ቀረበልኝ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጨርሺው ተባልኩ። ለእኔ ትልቁ ፈተና እሱ ነበር፤ ሁለተኛውን ቁራጭ ዳቦ በውኃ እያወራረድኩ ጨረስኩት። ወዲያው አንድ ሥዕል አነሱ፤ ቀጥሎ ከአንድ፣ ከሁለትና ከአራት ሰዓት በኋላ። ከአራት ሰዓት በኋላ በጤነኛ ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚቀረው ከምግቡ 10 በመቶ ቢሆን ነው። በእኔ ላይ አንድ ሦስተኛው ገና እዚያው ነበር። ሐኪሜ አራቱን ሥዕሎች በኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ደርድረው፣ በእስክሪብቷቸው ጫፍ የደመቀውን ቦታ ተራ በተራ እየነኩ አሳዩኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቦታውን ሳይለቅ መጠኑ ብቻ በጥቂቱ አንሷል። «ይኸው፣ ስትነግሪን የነበረው ነው» አሉኝ። ለረጅም ጊዜ ስናገረው የነበረ ነገር በዓይኔ ሲታይ እዚያው አለቀስኩ።

ይህን ምርመራ ለምታደርጉ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ምርመራው አራቱን ሰዓት ይሙላ፤ በሁለት ሰዓት የሚቋረጠው ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ጨጓራን የሚያፈጥኑም ሆኑ የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ከሁለት ሦስት ቀን ቀድመው በሐኪም ትእዛዝ ይቁሙ፤ አለዚያ የሚለካው የመድኃኒቱ ሥራ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ በዕለቱ ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ከሆነ ምርመራው ለሌላ ቀን ሊተላለፍለት ይገባል፤ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

እማዬ ዜናውን በስልክ ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልጄ፣ የላክሁልሽን ተልባ ጨረስሽው?» የሚል ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር የታመሰና የተወቀጠ ተልባ፣ ከሥሩም በትንሽ ከረጢት አብሽ ትልክልኛለች። ፍቅሯ ነው፤ እሷም ከእናቷ የወረሰችው ነው። ለሚያቃጥል ጨጓራ ለዘብ ያደርግ ይሆናል። ነገር ግን ተልባም ሆነ አብሽ ውኃ ሲነካቸው የሚዝለገለጉት በውስጣቸው ባለው ፋይበር በሚባለው ውኃ ያዥ ቃጫ ምክንያት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ቃጫ ጨጓራ ምግብን የሚያወርድበትን ፍጥነት ይቀንሳል። አብሽ ስኳር ያወርዳል የሚባለውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ለዘገየ ጨጓራ መዘግየት መጨመር ነው። ይህን ለእማዬ ማስረዳት ከምርመራው ሁሉ የከበደ ነበር። በመጨረሻ «ሐኪሟ እንደዚያ ካለች» ብላ ተወችው። ሐኪሜ ወንድ ናቸው፤ አላረምኳትም። አሁን የምትልክልኝ የአጃ ዱቄት ለአጥሚት ነው፤ እሱ ደግሞ ቀጠን ተደርጎ ሲሠራ ከሚስማሙኝ ምግቦች አንዱ ሆኗል።

መድኃኒቱ ብቻውን አይሠራም፤ የምግቡ ነገር ግማሹ ሕክምና ነው። ፈሳሽ ከጠጣር ይልቅ በቀላሉ ይወርዳል። የደቀቀ ካልደቀቀው ይሻላል። ቅባትና ቃጫ ያዘገያሉ። ስለዚህ ሽሮ ፈሰስ፣ የምስር ክክ በደንብ ተከሽኖ፣ የተፈጨ ሥጋ በትንሽ ዘይት፣ ሾርባ፣ ድንች ተቀቅሎ የተፈጨ፤ እነዚህ ለእኔ ይሆናሉ። ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ጎመን፣ ብርቱካን ከነገለባው፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ ተሰናብተውኛል። ክትፎ ጥሩ ሥጋ ሆኖ ሳለ ቅቤው ያበላሸዋል። ምግቤ በቀን ሦስት መሆኑ ቀርቶ አምስትና ስድስት ትንንሽ ሆነ። ይህ ከጾሙ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ጨንቆኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ቀኑን ውሎ ማታ አንድ ጊዜ ጠግቦ መብላት ለኢንሱሊኔም ለጨጓራዬም ከሁሉ የከፋው ነውና። አባ ብዙ አላስጨነቁኝም፤ «ልጄ፣ በሽተኛ ሰዓት አይጠብቅም፤ ከቅባቱና ከሥጋው ተከልከዪ፣ ይበቃሻል» አሉኝ። በዓቢይ ጾም የምበላው አብዛኛው ለጨጓራዬ የሚስማማ ሆኖ መገኘቱ ለእኔ መጽናኛ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ።

ዋናው ሜቶክሎፕራማይድ ነው፤ አገር ቤት ብዙዎች ፕላሲል በሚለው ስሙ ያውቁታል። ለማስታወክ በመርፌም በክኒንም ሲሰጥ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በስኳር ምክንያት ለሚመጣ የጨጓራ መዘግየት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው መድኃኒት እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ጨጓራን እንዳያዘገይ ይከለክለዋል፤ አንጎል ውስጥ ያለውን የማስታወክ ስሜትም ያበርዳል። ለእኔ ሐኪሜ የጀመሩልኝ በአነስተኛ መጠን፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚወሰድ ሆኖ፣ በክኒን ፈንታ በሽሮፕ ነበር። የሽሮፑ ምክንያት ቀላል ነው፤ ምግብ የማያወርድ ጨጓራ ክኒንንም አያወርድም። ክኒኑ እዚያው ተቀምጦ ቆይቶ፣ ምግቡም መድኃኒቱም አብረው ዘግይተው የሚደርሱበት ጊዜ አለ። በ2020 (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በአፍንጫ የሚረጭ ዓይነቱ የተፈቀደውም ለዚሁ ነው። ሽሮፕ እንዳለ ሳያውቁ «መድኃኒቱ ለእኔ አልሠራም» ብለው የተዉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሠራልኝ። በሳምንቱ ውስጥ ማቅለሽለሹ ቀነሰ፤ ማታ የበላሁት ጠዋት መምጣቱን አቆመ፤ የስኳሬም ውጣ ውረድ ለዘብ አለ። ኢንሱሊኔን ከምግብ በፊት መውጋት ትቼ መብላት ከጀመርኩ በኋላ እንድወጋ መደረጉም አግዟል። ግን ሌላ ነገር መጣ። መቀመጥ አቃተኝ። እግሬ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሺ ተነሺ ይለኛል። ሌሊት በሥራዬ ላይ ደረሰኞቹን እየመዘገብኩ ሳለ ሦስት መስመር ሳልጨርስ ብድግ እላለሁ፤ ኮሪደሩን ዞሬ እመለሳለሁ፤ እንደገና ብድግ። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ ባዶ ወንበር እያለ ቆሜ እሄዳለሁ። ጭንቀት ይመስላል፤ ግን አእምሮዬ አልተጨነቀም፤ የተጨነቀው ሰውነቴ ነበር። ሐኪሜ ሲሰሙ አልተገረሙም። ሜቶክሎፕራማይድ ጨጓራ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ወደ አንጎል ይገባል፤ እዚያም የእንቅስቃሴ ዶፓሚንን ይነካል። መጠኑ ተቀነሰልኝ፤ ብድግ ብድግ ማለቱም ተወኝ። ይህ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ አለመረጋጋት፣ የፊት ጡንቻ መጨምደድ፣ የአንገት መጠምዘዝ ወይም ምክንያት የሌለው ጥልቅ ሐዘን የመጣበት ሰው የራሱ ጠባይ አድርጎ አይውሰደው፤ ለሐኪሙ ይናገር።

ከእነዚህ የሚከፋው ቆይቶ የሚመጣው ነው። ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ ይባላል፤ ከንፈር፣ ምላስና አገጭ ሰውየው ሳይፈልግ በራሳቸው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ መድኃኒቱ ቢቆምም አንዳንዴ አይለቅም። በዕድሜ የገፉ፣ ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በየካቲት 2009 የአሜሪካው አስተዳደር በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዘዘ፤ ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድም ይመክራል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ደግሞ በ2013 ይበልጥ አጠበቀው፤ ከአምስት ቀን ያልበለጠ፣ በቀን ከ30 ሚሊ ግራም ያልበለጠ፣ ለሥር የሰደደ የጨጓራ መዘግየትም አይታዘዝ አለ። ሁለቱ ተቋማት ይህን ያህል መለያየታቸው የሚነግረን ነገር አለ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ ተቀራርበው የሚመዘኑበት መድኃኒት ነው፤ ሚዛኑንም በየጊዜው እያነሳ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን የጻፍኩት ከወረቀት ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ማኅበር ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ ከቦርሳቸው ፕላስቲክ አውጥተው ሁለት ክኒን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «እንቺ ልጄ፣ አንቺም እንደ እኔ ሆድሽን ያምሻል አሉኝ፤ ይህችን ከምግብ በፊት ዋጥ አድርጊያት።» ማሸጊያውን ሳየው ፕላሲል ነው። «እትዬ፣ ይህን መውሰድ ከጀመሩ ቆይተዋል?» አልኳቸው። ዓመት አልፎታል፤ የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በብዛት ያመጣላቸዋል። እያወሩኝ አገጫቸው ይንቀሳቀሳል። አፋቸው ውስጥ ምንም የለም። ንግግራቸውን ሲጨርሱ ከንፈራቸው ገጠም ፈታ፣ ገጠም ፈታ ይላል፤ ምላሳቸው ጉንጫቸውን ከውስጥ ይገፋዋል። ልጃቸው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው አልገጥም ብሏቸው ይመስላት ነበር። ማኅበሩ ሲበተን ልጅቷን ለብቻዋ ወሰድ አድርጌ ነገርኳት፤ የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄዱ። መድኃኒቱ ቆመላቸው። እንቅስቃሴው ቀንሷል፤ ግን ዛሬም አለ። ለእሱም ከ2017 ጀምሮ የተፈቀዱ መድኃኒቶች ስላሉ አንዱን ጀምረውላቸዋል።

እትዬ ጥፋት የለባቸውም። ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ክኒኑ ይረዳቸዋል፤ ጊዜው ሲያልፍ አቁሙ ያላቸው ሰው የለም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ደቃቅ እንግሊዝኛ ማን ያንብብላቸው? መድኃኒት ሻጩ «ይህ የሳምንታት መድኃኒት ነው» ብሎ በአማርኛ ሁለት ቃል ቢጽፍበት ኖሮ ምን ነበረበት? አገር ቤት በመድኃኒት መደብር የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን ሁለት ቃል እባካችሁ ጻፉበት። ወደ ውጭ አገር መድኃኒት የምትልኩም ሰዎች፣ ከመላካችሁ በፊት ለስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ጠይቁ።

ዶምፔሪዶን የሜቶክሎፕራማይድ ዘመድ ነው። ወደ አንጎል ብዙም ስለማይገባ ያንን የመንቀሳቀስ ጣጣ እምብዛም አያመጣም፤ ችግሩ ልብ ላይ ነው፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዛባ ይችላል። ካናዳ ውስጥ በማዘዣ ይገኛል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን አልተፈቀደም፤ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ አይሰጥም። የአውሮፓው ኤጀንሲ በ2014 ለማቅለሽለሽና ለማስታወክ ብቻ፣ በአነስተኛ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ ብሎ ወስኖታል። ከመጀመሩ በፊት ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበውን ምርመራ፣ መነሳት ግዴታ ነው እላለሁ። ከኤሪትሮማይሲንና ከአንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶች ጋር መውሰድ ደግሞ አደገኛ ነው። ስለ ልብ የሚነገረው ማስጠንቀቂያ የወረቀት ማስፈራሪያ የሚመስለው ሰው ካለ የሲሳፕራይድን ታሪክ ይስማ። በዘጠናዎቹ ጨጓራን በማፍጠን እሱን የሚስተካከል አልነበረም፤ የልብ ምት አዛብቶ ሰው እስከ መግደል ስለ ደረሰ በ2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

ኤሪትሮማይሲን ሁላችን የምናውቀው አንቲባዮቲክ ነው። በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ አንጀት ራሱ የሚያመነጨውን ሞቲሊን የተባለ ሆርሞን ተመስሎ ጨጓራን በኃይል ያስኮማትረዋል። ሆስፒታል ተኝቶ ለሚያስመልሰው ሰው በደም ሥር ሲሰጥ ድንቅ ነው ይላሉ። በአፍ ሲወሰድ ግን ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ስለሚላመደው ኃይሉ ይከዳል። ለእኔም ክፉ ቀን ሲመጣ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚታዘዝልኝ ነው።

ጃፓኖች በሌላ መንገድ ሄደዋል። በ2013 አኮቲያማይድ የተባለ መድኃኒት ቁስል ለሌለበት፣ ግን ከምግብ በኋላ ለሚከብደውና ቶሎ ለሚጠግበው ሰው ፈቀዱ። ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል ቶሎ እንዳይፈርስ አድርጎ ጨጓራን ያግዛል፤ ዶፓሚንን ስለማይነካም የከንፈርና የምላሱ ጣጣ የለበትም። እንዲህ ያለው መድኃኒት በዓለም ሁሉ ለሚገኘው ሕመምተኛ እንዲደርስ እመኛለሁ።

አንዳንድ ሐኪሞች አነስተኛ አሚትሪፕቲሊን ያዝዛሉ። የድብርት መድኃኒት ስለሆነ ሰው «እብድ ናት አሉኝ ማለት ነው?» ብሎ ይቀየማል። አይደለም፤ በዚያ መጠን የሚሰጠው የሆድ ነርቮችን ስሜት ለማብረድ ነው። ሕመም ለሚጎላበት ሆድ ይረዳል፤ ጨጓራቸው በምርመራ ዘግይቶ ለተገኘ ሰዎች ግን እምብዛም እንዳልረዳ ታይቷል። ስለዚህ የማን ሆድ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይቀድማል።

መድኃኒት ከመጨመር በፊት የሚቀነስ መኖሩም መታየት አለበት። ትራማዶልና ሞርፊንን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን ያስተኛሉ። ጫት ያዘገያል፤ ተጠንቶ የታወቀ ነው። በቅርቡ ደግሞ በማኅበረሰባችን ለስኳርም ለውፍረትም የሳምንት መርፌ የሚወጉ በዝተዋል፤ ኦዜምፒክና ዘመዶቹ ማለቴ ነው። እነዚህ መርፌዎች የሚሠሩት በከፊል ጨጓራን በማዘግየት ነው። መርፌውን ጀምሮ ከምግብ በኋላ እየከበደው ያለ ሰው የጨጓራ በሽታ ያዘኝ ብሎ ከመደናገጡ በፊት መርፌውን ላዘዘለት ሐኪም ይንገር፤ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ የሚወስድም ከሆነ መርፌ እንደሚወጋ ሳይጠየቅ ያስታውቅ፤ ጨጓራ ውስጥ የቀረ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና።

እኔ ዛሬ ያለሁበት ይህ ነው። ሜቶክሎፕራማይዱን በአነስተኛ መጠን፣ እረፍት እየሰጠሁት እወስዳለሁ፤ እረፍቱ መቼ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ ወረቀት ላይ ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈናል። በየወሩ እህቴ ፊቴን በስልኳ ትቀርጻለች፤ ምላሴን አውጥቼ፣ አፌን ዘግቼ፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ። ያለፈውን ወርና የዚህን ወር ጎን ለጎን እናያለን። ይህን ያስተማሩን ሐኪሜ ናቸው፤ ቀላል ነው፣ ዋጋ የለውም፣ ለማንም እመክራለሁ።

የሚቀጥለው ሐሳባቸው ፕሩካሎፕራይድ ነው። በ2018 መጨረሻ እዚህ አገር የተፈቀደው ለሥር የሰደደ የሆድ ድርቀት ቢሆንም ጨጓራንም ስለሚያፈጥን፣ የሲሳፕራይድንም የልብ ጣጣ ስላላሳየ፣ ለእንደኔ ያለው ሰው የሚያዝዙት ሐኪሞች አሉ። የጤና ኢንሹራንሱ የተፈቀደው ለድርቀት ነው ብሎ አልከፍልም ብሏል። ሐኪሜ የእንቁላሉን ምርመራ ውጤትና የስኳሬን መዝገብ አያይዘው ይግባኝ ጽፈዋል፤ እኔም ባለፈው ሳምንት ከሥሩ ፈርሜ በፖስታም በፋክስም ልኬዋለሁ። መልሱ ሲመጣ፣ መድኃኒቱንም ስጀምረው፣ ምን እንዳደረገልኝና ምን እንዳደረገብኝ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።